ቀለሙን ያልጠጣው ቦታ

እናቴ ከእኛ ጋር መብላት የተወችበትን ቀን ለይቼ አላውቀውም። ቀስ እያለች ነው የራቀችን። መጀመሪያ ቆሎ ስንቆረጥም "ጥርሴን አሞኛል" አለች። ቀጥሎ ገበታ ሲቀርብ "እናንተ ጀምሩ፣ እኔ ሥራዬን ልጨርስ" ማለት አመጣች። እኔ ያን ጊዜ ላሊበላ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ታናሽ እህቴ ደግሞ የቤቱን ሥራ ይዛለች። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። እናቴ በስፌቷ አሳድጋን ስለነበር፣ ሥራ አለብኝ ስትል ማናችንም አልጠረጠርንም። በሞሰብ ስፌት ከላሊበላ እስከ ገነተ ማርያም የሚያህላት አልነበረም። በተለይ አለላዋ ይወደድላት ነበር፤ ስንደዶውን ራሷ ቀቅላ፣ ራሷ ቀለም ነክራ፣ ጥላ ውስጥ አድርቃ ነው የምትሰፋው።

አንድ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ቶሎ ተበተነና ሳልጠበቅ ቤት ደረስሁ። እናቴ ከጓሮ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች። እንጀራውን ጣሳ ውኃ ውስጥ አድርጋ በጣቷ ታሸዋለች። እንደ አጥሚት እስኪቀጥን አሸችውና አንድ ጊዜ ፉት አለች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ ጠበቀች። እስኪወርድላት የጠበቀችውን ያህል እኔም ከኋላዋ ቆሜ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ።

"እማዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ደንግጣ ጣሳውን በነጠላዋ ልትሸፍነው ሞከረች። ከዚያ ተወችው።

"ከመስቀል ወዲህ ነው። ለእህትሽ እንዳትነግሪያት።"

መስቀል ካለፈ ስምንት ወር ሆኖታል።

"ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?"

"ብናገር ምን ትሆኚልኛለሽ? አክስትሽም እንዲህ ነበር የጀመራት።"

አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት። ልጅ ሳለሁ ጉሮሮዋ ተዘግቶ ነው የሞተችው። መጀመሪያ ዳቦው፣ ቀጥሎ እንጀራው፣ በመጨረሻም ውኃው እምቢ አላት። እናቴ ጥጥ በውኃ እያራሰች ከንፈሯን ስትጠርግላት አስታውሳለሁ። እንግዲህ ያን አይታለች፤ አሁን ደግሞ ተራዬ ደረሰ ብላ፣ ስምንት ወር ሙሉ ብቻዋን ይዛው ኖራለች።

በማግስቱ የነፍስ አባቷ ዘንድ አብረን ሄድን። እርጅና የተጫናቸው፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ቄስ ናቸው። እናቴ ይምርሐነ ክርስቶስ ወርዳ ሱባኤ ልትገባ አስባ ነበር፤ ፈቃዳቸውን ጠየቀች። እሳቸው ግን እኔን ነው ያዩት።

"አንቺ ምን ትያለሽ?"

"አባ፣ እኔስ ሐኪም እንዲያያት ነበር የምፈልገው።"

"እንግዲያው ምን ትጠብቃላችሁ?" አሏት ወደ እናቴ ዞረው። "ጠበሉ የትም አይሄድ። ስትመለሽ ትጠመቂያለሽ። ሐኪሙንም የፈጠረው እሱው ነው። በይ ሂጅ፣ ልጅሽ ትውሰድሽ።"

ከእሳቸው አፍ ባይወጣ ኖሮ እናቴ አትነቃነቅም ነበር።

የከተማው ጤና ረዳት ምላሷን በእንጨት ተጭኖ አየና ራሱን ነቀነቀ። "ከዚህ ሆኜ የሚታየኝ ምላሳቸው ብቻ ነው፤ ችግሩ ግን ከታች ነው" ብሎ ወደ ደሴ የሚያስኬድ ወረቀት ጻፈልን። ያን ጊዜ ከአውራጃ አውራጃ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር በስብሰባ ላይ ሲጮህ የምፈራው ሰው ነበር። ጉዳያችንን ስነግረው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ደሴ ብቻ ብዬ ብጽፈው፣ አዲስ አበባ ሂዱ ቢሏችሁ እዚያው ትቀራላችሁ" አለና "ሐኪም እስከሚያገኙበት ድረስ" ብሎ ጽፎ ማኅተሙን አሳረፈበት። ያች አንዲት መስመር ኋላ ስንት ኬላ አሳለፈችን።

በጭነት መኪና ጋሸና ደረስን። ወደ ወልድያ የሚወርድ መኪና እስኪመጣ አንዲት ሙስሊም ሴት ምግብ ቤት ውስጥ ከብርዱ ተጠለልን። ሴትዮዋ እናቴ የቀረበላትን ሳትነካ መቀመጧን አየችና ምንም ሳትጠይቅ ገብታ ቀጠን ያለ የገብስ አጥሚት ይዛ መጣች።

"እህቴ፣ ይችን ፉት በይ። ቀስ ብለሽ። መኪናው አይቀድምሽም።"

እናቴ ሦስቴ አረፍ እያለች ጠጣችው። ስንወጣ ሴትዮዋ "አላህ ያሽርሽ" አለቻት፤ እናቴም "አሜን፣ አንችንም ይባርክሽ" አለች። መኪናው ላይ ከወጣን በኋላ "አየሽ፣ ፊቴ ላይ ተጽፏል ማለት ነው" አለችኝ።

ደሴ እንደ ኖራ የነጣ ነገር አጠጥተው ራጅ አነሷት። ሐኪሙ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ፣ ጉሮሮዋ ሥር ቀጭን ሆኖ የጠበበ ቦታ አሳየኝ። ምን እንዳጠበበው በራጅ እንደማይለይ፣ ወደ ውስጥ ገብቶ የሚያይ መሣሪያ ያለው አዲስ አበባ እንደሆነ ነገረኝና ወረቀት ጻፈ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነበር። ከመጨረሻው መስመር አንዷን ቃል አወቅኋት፤ ካንሰር ትላለች፤ አጠገቧ የጥያቄ ምልክት አለ። እስከ አዲስ አበባ ድረስ ያን የጥያቄ ምልክት ስለምነው ሄድሁ።

አዲስ አበባ የአባቴ የአክስት ልጅ ቤት አረፍን። ቀበሌ ሄደን እንግድነታችንን አስመዘገብንና በሦስተኛው ቀን ሐኪም ቤት ተራ ደረሰን። ሐኪሙ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ፣ ፀጉሩ ያለ ዕድሜው የሸሸ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ወረቀቱን አነበበ፤ ጉሮሮዋን ያያል ብዬ ስጠብቅ እጇን ያዘ።

"እናቴ፣ ጥፍርዎ እንዲህ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?"

እናቴ አፈረች። የጥፍሮቿ መሃል ጎድጎድ፣ ጫፋቸው ቀና ያለ ነበር። እኛ ቤት ይህን የማያውቅ የለም፤ የስፌት ጥፍር ነው የምንለው።

"ሥራ ነው የበላው ጌታዬ። ዕድሜ ልኬን ወስፌ ስጨብጥ ነው የኖርሁት። አንቱ ደግሞ ምኑን አዩት?"

ሐኪሙ ከጠረጴዛው ላይ ማንጠብጠቢያ አንሥቶ አንዲት ጠብታ ውኃ ጥፍሯ ላይ አኖረ። ውኃዋ አልፈሰሰችም። እንደ ማንኪያ ውስጥ ተቀመጠች።

"ወስፌ ጥፍር ይሰብራል እንጂ ማንኪያ አያደርገውም" አለ። የዓይኗን ሽፋን ገልብጦ አየ፤ ምላሷን አየ፤ የከንፈሯን ዳርና ዳር መሰንጠቅ አየ። ስትሠራ ይደክማት እንደሆነ ጠየቀ። "ማን የማይደክመው አለ?" አለችው። ጻፈ፤ ምን እንደጻፈ ግን አልነገረንም።

ከዚያ ስለ ምርመራው አስረዳት። ኢንዶስኮፒ ይባላል፤ ጫፉ ላይ መብራት ያለው ቀጭን ቱቦ በአፏ ገብቶ፣ ጉሮሮዋን አልፎ እስከ ሆዷ ይወርዳል።

"የሚበላው ያልወረደልኝ ቱቦው ይወርድልኛል?"

"ቀስ ብዬ ነው የማወርደው። ካልወረደ አልገፋም።"

"ሆዴንም ያዩታል?"

"አየዋለሁ።"

"እንግዲህ ባዶ ነው፤ አይታዘቡኝ።"

ሐኪሙ ሳቀ። ከማታ ጀምሮ ምንም እንዳትቀምስ ሲያዛት "ለጾምስ እኛ አለን" አለች። እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም።

በማግስቱ ጠዋት ልትገባ ስትል ቀሚሴን ጨብጣ አልለቅም አለች። ነርሷ አንድ ጊዜ ተቆጣች፤ ሐኪሙ ግን "ትግባ፣ እጃቸውን ትያዝላቸው" አላት። በግራ ጎኗ አስተኟት። ጉሮሮዋን የሚያደነዝዝ መራራ ነገር ረጩባት፤ ጥርሷ ቱቦውን እንዳይነክስ ቀዳዳ ያለው ነገር አስነከሷት። ሐኪሙ የቱቦውን ማያ አንድ ዓይኑ ላይ አድርጎ ማውረድ ጀመረ። የእናቴ ጣቶች እጄን እስኪያመኝ ጨመቁት።

ገና ብዙም ሳይወርድ ቆመ።

"አገኘሁት" አለ። "ስስ ቆዳ ነው። መንገዱ ላይ እንደ መጋረጃ ተጋርዷል። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው።"

"መጥፎ ነው?"

"ቆይ።"

በጣም በቀስታ ገፋ። እናቴ አንድ ጊዜ ተንዘፈዘፈች። "ተቀደደ፤ አለፍኩ" አለ ሐኪሙ፤ እኔም እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። ያ ሁሉ ወር ያሰቃያት የሽንኩርት ልጣጭ ከሆነ ሌላ ምን አለ ብዬ ነበር። እሱ ግን እያየ ወረደ፤ ወርዶ ወርዶ ደረቷ መሃል ላይ ሲደርስ እንደገና ቆመ። ቱቦውን በትንሹ አዞረ፤ መለሰ፤ እንደገና አዞረ።

"ቀለሙን አምጭልኝ" አላት ነርሷን።

ነርሷ ቡናማ ነገር የሞላበት ጠርሙስ አመጣች። ሽታውን አወቅሁት። ተማሪዎቼ ወድቀው ጉልበታቸው ሲላጥ የምንቀባቸው አዮዲን ነው፤ ቀጠን ብሎ የተዘጋጀ። ሐኪሙ ዓይኑን ከማያው ሳያነሳ አስረዳኝ።

"እዚህ ጋ ቀላ ያለ ነገር አያለሁ። በዓይን ብቻ ጤነኛውን ከታመመው ለመለየት ያስቸግራል። አሁን ይህን ቀለም እረጭበታለሁ። ጤነኛው ሥጋ ይጠጣዋል፣ ይጠቁራል። የታመመው አይጠጣም፤ ነጣ እንዳለ ይቀራል። እንዲህ ያለ ስስ ቆዳ ያለበት ሰው ላይ ጠንቅቄ ሳላይ አልወጣም።"

ቀለሙ በቱቦው ውስጥ በሚያልፍ ቀጭን ላስቲክ ወረደ። ሲረጭ እናቴን አቃጠላት መሰለኝ፣ እግሯ ተወራጨ። "አይዞሽ እማዬ፣ ደረሰ" አልኋት፤ ምኑ እንደደረሰ ሳላውቅ። ትንሽ ጠበቅን። ሐኪሙ አየ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረገ፤ ማያውን ወደ እኔ ዘረጋልኝ።

"እስቲ አስተማሪዋ፣ እይ።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የእናቴን ውስጥ አየሁ። እርጥብ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በመብራት የተሞላ ዋሻ ነው። ግድግዳው ዙሪያውን ጥቁር ቡናማ ሆኗል፤ ቀለሙን ጠጥቷል። በአንድ ጎን ግን የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቦታ ቢጫ እንዳለች ቀርታለች። ሁሉም ጠጥቶ እሷ ብቻ እምቢ ብላለች።

"ይሄ ነው?" አልሁ።

"ያልጠጣው እሱ ነው።"

"እና... የፈራነው ነው?"

"ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ የምንፈራው ነው። ግን ተቆጥቶ የቆሰለ ሥጋም ቀለም አይጠጣም። ቀለሙ ስሙን አይነግረኝም፤ ቦታውን ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ስሙን ላቦራቶሪ ይነግረናል።" ከዚያችው ቦታ በትንሽ መቆንጠጫ የሩዝ ስባሪ የሚያካክሉ ቁራጮች ወሰደ። ቀለሙ ባይኖር ኖሮ ከየት እንደሚወስድ በግምት ይሆን እንደነበር ነገረኝ።

ቱቦው ሲወጣ እናቴ ተነስታ ተቀመጠች። ወደ ሳህኑ ቡናማ ምራቅ ተፋች። ድምጿ ሻክሯል።

"ምንድን ነው ያጠጣችሁኝ? እኔን እንደ አለላ ነከራችሁኝ?"

ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነገርኋት። ጤነኛው ቀለም ይጠጣል፣ የታመመው አይጠጣም አልኋት። እንደማንኛውም በሽተኛ የምትሰማኝ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ቀለም የምታውቅ ሴት ናት።

"ሁሉም ጠጣ?" አለችኝ።

ልዋሽ አስቤ ነበር፤ አፌ እምቢ አለ። "ከአንዲት ቦታ በቀር።"

ጉልበቴን መታ መታ አደረገችው። "ስንደዶም ቅባት ከነካው ቀለም አይጠጣም'ኮ። ተበላሽቶ አይደለም። ፊትሽን እንዲህ አታድርጊው።"

የታመመችው እሷ፣ የምታጽናናውም እሷ ሆነች። ድንዛዜው ሲለቃት ነርሷ ውኃ አመጣችላት። እናቴ እንደ ልማዷ ጥቂት ብቻ አፏ ውስጥ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ ዋጠች። ዓይኗን ገለጠች። ብርጭቆውን አየችው። እንደገና ጠጣች፤ አሁን ሞልታ ነው የጠጣችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ወረደ!"

"ምኑ?"

"ውኃው ነዋ! ሳይጠይቀኝ ወረደ!"

ውጤቱ እስኪደርስ አሥር ቀን ቆየን። እነዚያ አሥር ቀናት የተገላቢጦሽ ነበሩ። እናቴ መጀመሪያ ዳቦ በሻይ እያራሰች፣ ኋላም እንዲሁ በደረቁ በላች። ተቀምጣ ከሰው ጋር ገበታ ቀረበች። የዘመዳችን ሚስት ጠቅልላ ስታጎርሳት፣ ጉርሻው በአንድ ጊዜ ሲያልፍ አይታ ሳቀች። እኔ ግን የሚበላው ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቆምብኝ ነበር። ያች ቢጫ ቦታ ከዓይኔ አትጠፋም። እናቴ አንድ ቀን "አሁን ደግሞ አንችን ነው ወደዚያ ሰውዬ የምወስድሽ" አለችኝ።

በአሥረኛው ቀን ሐኪሙን ኮሪደሩ ላይ አገኘነው። ወረቀቱን እጁ ላይ ይዟል። ቢሮ እስክንገባ አላስጠበቀንም፤ እዚያው ቆሞ ነገረን።

"ካንሰር አይደለም።"

እናቴ ቃሉን ስላላወቀችው እኔን አየችኝ። እኔ አለቅሳለሁ። የእኔን እንባ ስታይ ፊቷ ደነገጠ። ሐኪሙ ቶሎ ብሎ እጇን ያዘ።

"ነቀርሳ የለም እናቴ። የለብዎትም። ያልጠጣው ቦታ ተቆጥቶ የቆሰለ ነው፤ ይድናል።"

እናቴ እልል አለች። በኮሪደሩ ላይ የተቀመጠው በሽተኛ ሁሉ ዞረ። ነርሷ "ኧረ እናቴ፣ ሐኪም ቤት ነው!" ብላ ሮጣ መጣች፤ ምክንያቱን ስትሰማ ግን እሷም ፈገግ አለች። እናቴ የሐኪሙን ትከሻ ሳመች። እስከዚያ ሰዓት አንቱ ስትለው የነበረውን "ልጄ፣ እድግ በል፣ አንተን የወለደች ማህፀን ትባረክ" አለችው።

ከዚያ ሐኪሙ ቢሮው አስገብቶ ሁሉንም አስረዳን። ደሟ በጣም አንሷል፤ ብረት የሚባለው ነገር ጎድሏታል። ጥፍሯም ድካሟም ከዚያ ነው፤ ጉሮሮ ላይ ያ ስስ ቆዳ የሚያድገውም እንዲህ ያለ ሰው ላይ ነው። ቆዳው ቱቦው ሲያልፍ ተቀዷል። የብረት ኪኒን ለብዙ ወር መዋጥ አለባት። እንዲህ ያለ ሕመም ኋላ ወደ ክፉው ሊዞር ስለሚችል በዓመቱ ተመልሳ እንድትታይ አዘዘ።

"ኪኒን ብቻ?" አለች እናቴ።

"ኪኒን ብቻ።"

ልንወጣ ስንል በሩ ላይ ቆመች። "ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እህቴ ጉሮሮዋ ተዘግቶ ነው የሞተችው። የእሷም ይኼው ነበር?"

"አላየኋቸውም እናቴ። ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። አሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም።"

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ስምንት ወር ለራሷ ያላለቀሰችው ሴት ግቢው ውስጥ ለእህቷ አለቀሰች። አጠገቧ ቆምሁ። ስትጨርስ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና "በይ፣ እህትሽ ተጨንቃለች፣ እንሂድ" አለች።

አገር ቤት ስንገባ እህቴ ከሩቅ አይታን ሮጣ መጣች፤ ምንም ሳትጠይቅ እናቴን ብቻ አቀፈቻት። እናቴ ኪኒኗን በየዕለቱ ዋጠች። በዓመቱ እንደገና ሄድን፤ ሐኪሙ እንደገና ቀለሙን ረጨ፤ ይህን ጊዜ ዙሪያውን ሁሉ ጠጣ። ከዚያ በኋላ በአገራችን ጦርነት ተነሥቶ መንገዱን ዘጋውና ለሦስተኛ ጊዜ አልሄድንም። እናቴ ግን ያን ሁሉ አልፋ የልጅ ልጆቿን አይታለች።

ከመጀመሪያው ጉዞ ከተመለስን ጥቂት ሳምንት በኋላ አንዲት ሴት ከገነተ ማርያም በእግሯ መጣች። አናውቃትም። እኛ ለማንም አላወራንም፤ ገበያው ግን አውርቶታል። በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ድረስ ስባ፣ ዙሪያዋን አይታ፣

"እትዬ፣ ያ ቱቦ ሲገባ በጣም ያማል?" አለች።

እናቴ የያዘችውን ስፌት አስቀመጠች።

"አያምም አልልሽም። ግን ያልፋል። ግቢ፣ ተቀመጭ፤ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ሴትዮዋ መናገር ስትጀምር እኔ የተማሪዎቼን ደብተር ይዤ ወጣሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለቱም ቤት አልነበሩም። እህቴን ብጠይቃት "ጤና ረዳቱ ጋ ወሰደቻት" አለችኝ።